የሌለውን ጨረር ያዩ ዓይኖች፦ ሰው ማስረጃ ሲቃረነው እምነቱን ለምን አይለቅም?

በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚሠሩት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ትንሽ የብረት ኳስ በክር ይንጠለጠላል፤ ኳሱ ሃያ ጊዜ ለመወዛወዝ የሚፈጅበት ጊዜ ይለካል፤ ከዚያም ከክሩ ርዝመትና ከጊዜው በመነሣት በተለምዶ «ጂ» የምንለው የመሬት ስበት ሽምጠጣ ይሰላል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስሌቱ 9.8 የሰጠው ተማሪ ውጤቱን በደብተሩ አስፍሮ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። 8.9 ያገኘው ግን ክሩን እንደገና ይለካል፤ ውዝዋዜውን በትክክል መቁጠሩን ይጠራጠራል፤ ሰዓቱን ዘግይቶ አስነሥቶ እንደሆነ ያስባል፤ ሙከራውን ይደግማል። 9.8 ሲመጣለት ያቆማል።

ከሁለቱ ተማሪዎች ያታለለ የለም። ስሕተትን መፈለግ ተገቢ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ስሕተት የተፈለገው ባልተጠበቀው ውጤት ላይ ብቻ መሆኑ ነው። 9.8 ያገኘው ተማሪ ውዝዋዜውን አሳስቶ ቆጥሮ፣ የክሩንም ርዝመት አሳስቶ ለክቶ፣ ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተውለት ሊሆን ይችላል። ይህን ግን የሚመረምር አይገኝም፤ የተጠበቀ ውጤት መታወቂያ ሳይጠየቅ ያልፋልና።

ሰዎች ከእምነታቸው ጋር የሚቃረን ማስረጃ ሲቀርብላቸው ለምን በቀላሉ አይለወጡም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዘወትር የሚሰማው መልስ «ስላልተማሩ» ወይም «ስለማያስቡ» የሚል ነው። ይህ መልስ የተማረውን ሰው ደስ ያሰኘው ይሆናል እንጂ ትክክል አይደለም። እምነትን የሚያጸናው አእምሮ በሌላው ጊዜ ሁሉ በሚገባ የሚያገለግለን ያው አእምሮ ነው። ይህን ለማሳየት የምንጠራው ምስክር ከፊዚክስ ፕሮፌሰሮች መካከል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የናንሲው ጨረር

ዊልሄልም ሮንትገን በ1895 በእኛ አገር ራጅ የምንለውን ኤክስሬይን አገኘ። በማግሥቱ ዓመት አንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ የኤውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ሌላ አዲስ ጨረር የሚጠባበቁ ሆኑ። በዚያ ዘመን «ገና ያልታወቀ ጨረር ይኖራል» ብሎ ማሰብ ሞኝነት ሳይሆን ጤናማ ግምት ነበር።

ሬኔ ብሎንድሎ በምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በናንሲ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። በ1891 የሬዲዮ ሞገዶችን ፍጥነት ለክቶ ከብርሃን ፍጥነት ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ያሳየ፣ በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ የተከበረ የሙከራ ሰው ነው። በ1903 መጀመሪያ ላይ ስለ ኤክስሬይ ጠባይ ሲመረምር፣ ከመሣሪያው የሚወጣው ጨረር የአንዲትን ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ድምቀት ሲጨምር ያየ መሰለው። ይህ ጨረር በኳርትዝ ፕሪዝም ውስጥ ሲያልፍ ይታጠፋል። ኤክስሬይ ግን በዚያን ጊዜ እንደሚታወቀው በፕሪዝም አይታጠፍም። ስለዚህ ያየው ሌላ ጨረር መሆን አለበት ሲል ደመደመ፤ በከተማው ስም የመጀመሪያ ፊደልም «ኤን ጨረር» ብሎ ሰየመው።

እስከዚህ ድረስ የብሎንድሎ አካሄድ ከማንኛውም ጥሩ ተመራማሪ አካሄድ አይለይም። ችግሩ የጨረሩ መኖር የሚታወቀው በሰው ዓይን ብቻ መሆኑ ላይ ነበር። ተመልካቹ በጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይቀመጣል። ከዚያም ደካማ ብልጭታን ወይም ካልሲየም ሰልፋይድ የተቀባና በደብዛዛው የሚያበራ ገጽን ይመለከታል። ጨረሩ ሲያርፍበት ብርሃኑ ጥቂት ይደምቃል ይባላል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ብሎንድሎ ወደ ገጹ ማፍጠጥ እንደማይገባ፣ አመለካከቱም ልምምድ እንደሚጠይቅ ይመክር ነበር። አንዳንዱ ወዲያው ያየዋል፤ ሌላው ቆይቶ ያየዋል፤ ከነጭራሹ የማያየውም አለ።

ያዩት ግን ብዙዎች ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ሳይንቲስቶችና ሐኪሞች በጉዳዩ ላይ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ጽሑፎች አወጡ። ጨረሩ ከፀሐይ ይወጣል ተባለ፤ ከጋዝ መብራትና በእሳት ግሎ በውሃ ከጠጠረ ብረትም ይወጣል ተባለ። የናንሲው ኦጉስተን ሻርፐንትዬ ከሰው ነርቭና ጡንቻ ሲወጣ ማየቱን አስታወቀ። የአንሪ ቤክሬል ልጅ የሆነው ዣን ቤክሬል ደግሞ ብረት በክሎሮፎርም ሲደነዝዝ ጨረሩን መስጠት እንደሚያቆም ጻፈ። ብረት እንደ ሕመምተኛ ሲደነዝዝ ማሰብ ዛሬ ያስቀን ይሆናል። ነገር ግን ይህን የጻፉት ሰዎች ከመሣሪያቸው ጋር ሌሊቱን ያነጉ ትጉሃን እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

በሌላ በኩል በብሪታንያ ሎርድ ኬልቪንና ዊልያም ክሩክስ፣ በበርሊን ኦቶ ሉመርና ሃይንሪሽ ሩበንስ ሊያዩት አልቻሉም። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የብርሃን ሳይንስ ሊቅ የነበረው ሮበርት ውድም ሙከራውን ደግሞ ምንም ስላላገኘ በ1904 ራሱ ወደ ናንሲ ሄደ።

ብሎንድሎ እንግዳውን በደስታ ተቀብሎ ሙከራዎቹን አሳየው። በአንደኛው ሙከራ ጨረሩ በአሉሚኒየም ፕሪዝም ይበተናል፤ የተበተኑት ጨረሮች የሚያርፉበት ስፍራም እስከ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ድረስ ይለካል። ጨረሩ የሚገባበት ስንጥቅ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ስፋት እያለው ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት መለየት እንዴት እንደሚቻል ውድ ጠየቀ። ይህ ከጨረሩ አስገራሚ ጠባዮች አንዱ ነው የሚል መልስ አገኘ። ከዚያም በጨለማው ውስጥ ማንም ሳያየው ፕሪዝሙን ከስፍራው አነሣው። ልኬቱ ቀጠለ። ጨረሩን የሚያጥፈው ነገር በሌለበት ጨረሩ ቀድሞ በነበረበት ስፍራ ሲታጠፍ ታየ።

ሌላም ሙከራ ነበር። በደብዛዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጨረር የሚሰጥ የብረት ሞረድ ወደ ዓይኑ ሲቀርብለት የግድግዳ ሰዓቱ ወለል ብሎ ይታየዋል ተብሏል። ውድ ሞረዱን በመጠንና በቅርጽ ተመሳሳይ በሆነ እንጨት ተካው። እንጨት ጨረሩን አይሰጥም ከተባሉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ሆኖም ሰዓቱ እንደቀድሞው ታየ። ውድ ያየውን በሴፕቴምበር 29 ቀን 1904 በወጣው «ኔቸር» መጽሔት አሳተመ። ከፈረንሳይ ውጭ ጉዳዩ በዚያው አከተመ ማለት ይቻላል። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ 50,000 ፍራንክ የሚያስገኘውን የለኮንት ሽልማት ለብሎንድሎ ሰጠ፤ ሽልማቱ የተሰጠው በጠቅላላ የሕይወት ዘመን ሥራው እንደሆነም ተገለጸ።

ስሕተቱ የት ላይ ነበር?

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ እንዲሉ፣ ብሎንድሎን የጣለው ከሁሉ ይበልጥ ይተማመንበት የነበረው ዓይኑ ነው። በጨለማ ውስጥ ያለ ዓይን ለደካማ ብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ከቅጽበት ቅጽበት ይለዋወጣል። ደካማ ብልጭታም በራሱ ይዋዥቃል። አሁን ይደምቃል ብሎ የሚጠብቅ ተመልካች በዚያ መዋዠቅ ውስጥ የጠበቀውን አያጣም። ቢሆንም ይህ ማብራሪያ የስሕተቱን ግማሽ እንጂ ሙሉውን አይነግረንም። ዓይን መሳሳቱ አይደንቅም፤ ስሕተቱ ሳይታረም ይህን ያህል መቆየቱ ግን ማብራሪያ ይሻል።

እንደ እኔ አስተያየት ዋናው ጥፋት ጨረሩን ያላዩት ሰዎች የተስተናገዱበት መንገድ ነው። ያየ ሰው ምስክር ሆኖ ተቆጠረ። ያላየው ግን ዓይኑ ያልሠለጠነ፣ ክፍሉ በቂ ጨለማ ያልነበረው፣ ወይም መሣሪያውን ያላስተካከለ ተባለ። እነዚህ ምክንያቶች አንድ በአንድ ሲታዩ ምክንያታዊ ናቸው። ሲደመሩ ግን ጨረሩ እንደሌለ ሊያሳይ የሚችል ውጤት ጨርሶ እንዳይኖር አደረጉ። በውዝዋዜው ሙከራ 8.9 ላይ የደረሰው ነገር በናንሲ ለዓመታት ደረሰ።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑም መታየት አለበት። ፈረንሳይ በ1871 በጀርመን ተሸንፋ አልዛስንና የሎሬንን ክፍል ስታጣ ናንሲ ከአዲሱ ድንበር አጠገብ የቀረች የፈረንሳይ ከተማ ነበረች። የዩኒቨርሲቲው ዝና የከተማውም የአገሩም ክብር ሆኖ ይታይ ነበር። ብሎንድሎ «ተሳስቻለሁ» ቢል ኖሮ የሚያጣው አንድ መላምት ብቻ አይሆንም ነበር፤ አብረውት ያዩትን ባልደረቦቹን፣ ረዳቱንና የደገፈውን አካዳሚ ሁሉ አብሮ ያሳፍር ነበር። ብዙ እምነቶች የሚጸኑት እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ከጓደኞቹ መለየት የሚኖርበት ከሆነ፣ ማስረጃው ምንም ያህል ቢጠነክር ዋጋው ውድ ይሆንበታል።

በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሙከራ

ብሪታንያዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን በ1960 ያሳተመውን ሙከራ አንባቢ ከጓደኞቹ ጋር ሊሞክረው ይችላል። ለጓደኛዎ 2፣ 4፣ 6 የሚሉትን ቁጥሮች ይስጡትና እነዚህ ቁጥሮች እርስዎ በልብዎ የያዙትን አንድ ሕግ እንደሚያሟሉ ይንገሩት። የእሱ ሥራ ሌሎች ሦስት ሦስት ቁጥሮች እያቀረበ «ያሟላል» ወይም «አያሟላም» የሚል መልስ በመቀበል ሕጉን ማግኘት ነው። እርግጠኛ ሲሆን ሕጉን ይናገራል።

አብዛኛው ሰው 8፣ 10፣ 12 ይላል። ያሟላል። 20፣ 22፣ 24 ይላል። ያሟላል። 100፣ 102፣ 104 ይላል። ይህም ያሟላል። ከዚያም በሙሉ ልብ «ሕጉ በሁለት በሁለት የሚጨምሩ ቁጥሮች ነው» ብሎ ይናገራል፤ ይሳሳታልም። ሕጉ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች የሚል ነው። 1፣ 7፣ 50 ብሎ የጠየቀ ሰው ግምቱ ሐሰት መሆኑን በአንድ ጥያቄ ይደርስበት ነበር። ዌሰን ከፈተናቸው 29 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል አስቀድመው ሳይሳሳቱ በመጀመሪያው መልሳቸው ትክክለኛውን ሕግ የተናገሩት 6 ብቻ ነበሩ።

ይህ ሙከራ የሚጠቅመን ከስሜት ነጻ ስለሆነ ነው። በቁጥሮቹ ላይ የፖለቲካ ወገንተኝነት የለም፤ የአገር ክብርም ሆነ የተከፈለ ገንዘብ የለም። ሆኖም ተማሪው ግምቱን የሚደግፍ እንጂ የሚያፈርስ ጥያቄ አይጠይቅም። የማረጋገጫ አድልዎ የሚባለው ይህ ነው፤ ስሜት ሲጨመርበት ይብሳል እንጂ ለመነሣት ስሜት አያስፈልገውም።

ስሜት ሲጨመርበት የሚሆነውን በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቻርልስ ሎርድ፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር በ1979 አሳይተዋል። የሞት ቅጣትን የሚደግፉ 24 ተማሪዎችንና የሚቃወሙ 24 ተማሪዎችን ሰብስበው ሁለት የጥናት ዘገባዎች አስነበቧቸው። አንደኛው ቅጣቱ ወንጀልን ይቀንሳል የሚል፣ ሁለተኛው አይቀንስም የሚል ነበር። ሁለቱም ዘገባዎች ተመራማሪዎቹ ለሙከራው ያዘጋጇቸው ነበሩ። ተማሪዎቹ የራሳቸውን አቋም የሚደግፈውን ጥናት አሠራሩ የተጣራ ነው ሲሉ ተቃራኒውን በስሕተት የተሞላ ነው አሉ። ሁለቱን ወገኖች ሊያቀራርብ ይገባ የነበረው አንድ ዓይነት ማስረጃ፣ በራሳቸው በተማሪዎቹ አገላለጽ፣ ይበልጥ አራራቃቸው። ዘገባውን ያነበቡት በጥሞና ነው፤ ሒሳቸውም ብልህ ነበር፤ ነገር ግን ሒሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያነጣጠረ ነበር።

ሮስና ሌፐር ከማይክል ሃበርድ ጋር ሆነው በ1975 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ተማሪዎች እውነተኛ ደብዳቤዎችን ከፈጠራ ደብዳቤዎች እንዲለዩ ተጠየቁ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ «እጅግ ጎበዝ ነህ»፣ ሌሎቹ «ደካማ ነህ» ተባሉ። ጥቂት ቆይቶ ውጤቱ በዕጣ የተሰጠ፣ ከሥራቸው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መሆኑ በግልጽ ተነገራቸው። ያም ሆኖ ስለ ችሎታቸው ሲጠየቁ ጎበዝ የተባሉት ራሳቸውን ከፍ፣ ደካማ የተባሉት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ገመቱ። አእምሮ አንድ ነገር ሲነገረው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ለነገሩ ምክንያት ይፈልግለታል። ጎበዝ የተባለው ተማሪ «ለነገሩ የሰው ጠባይ ቶሎ ይገባኛል» ብሎ ያስባል። የጎጆው ምሰሶ ቢነቀልም ዙሪያውን የተተከሉት ቋሚዎች ጣራውን ይዘው ይቆያሉ። ሐሰተኛ ወሬ ከተስተባበለ በኋላ ለምን እንደሚያድር የሚገባን በዚህ ነው።

መጽናት ሁሉ ጥፋት ነውን?

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያነሣ የሚገባው ጥያቄ አለ። የሚቃረን ነገር በታየ ቁጥር እምነቱን የሚጥል ሳይንስ ሊኖር ይችላልን? አይችልም። የፕላኔት ዩራነስ ጉዞ የኒውተን ሕግ ከሚለው ስፍራ ፈቀቅ ብሎ ሲገኝ ፈረንሳዊው ዑርበን ለቬርዬ ሕጉን አልጣለም። ያልታየ ሌላ ፕላኔት እየሳበው ነው ብሎ ስፍራውን አሰላ። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 ዮሐን ጋለ በበርሊን መነጽሩን ወደተባለው አቅጣጫ አዙሮ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ውስጥ ኔፕቱንን አገኘ። ከእምነት ጋር የሚቃረነውን ማስረጃ አምኖ ሳይሸነፉለት መቆየት ከዚህ የበለጠ ፍሬ አፍርቶ አያውቅም።

ይኸው ሰው በ1859 ሜርኩሪም እንዲሁ ፈቀቅ እንደሚል አስታወቀ። ልዩነቱ በዛሬው ልኬት በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ ያህል ነው። ለቬርዬ ያንኑ መድኃኒት አዘዘ፦ ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ ያልታየ ፕላኔት አለ። ስሙም ቩልካን ተባለ። አየሁት የሚሉ ሰዎች አልጠፉም፤ በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ሁሉም ይፈልገው ጀመር። አልተገኘም። ለቬርዬ በ1877 እስከሞተ ድረስ ከእምነቱ አልተናወጠም። መልሱ የመጣው አልበርት አይንስታይን በኖቬምበር 1915 ባቀረበው የስበት ንድፈ ሐሳብ ነው፤ በዚህ ጊዜ መለወጥ የነበረበት ራሱ የኒውተን ሕግ ነበር።

አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት አስተሳሰብ፣ አንድ ጊዜ ድል፣ አንድ ጊዜ ስሕተት። ስለዚህ መጽናትን ከግትርነት የሚለየው የሰውየው ጠባይ አይደለም። ለቬርዬ ስፍራውንና ጊዜውን ተናግሮ «ፈልጉት» አለ፤ ባለመነጽር ሁሉ ሊፈትነው ቻለ። እሱ ባይለወጥም ሥነ ፈለክ ተለወጠ። በናንሲ ግን ያላየ ሰው በጨረሩ ላይ ሳይሆን በራሱ ዓይን ላይ እንዲፈርድ ተደረገ።

ምን ይረዳል?

የስታንፎርዱ ሎርድ ከሌፐርና ከኤልዛቤት ፕሬስተን ጋር በ1984 ያሳተመው ተከታይ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ጠቃሚ መልስ አለው። ለአንዳንድ ተማሪዎች ማስረጃውን እንደ ዳኛ ያለ አድልዎ እንዲመዝኑ አጥብቀው ነገሯቸው። ለውጥ አላመጣም፤ ሁሉም አስቀድሞ ራሱን ገለልተኛ አድርጎ ይቆጥራልና። ለሌሎቹ ግን «ይኸው ጥናት በዚሁ አሠራር ተቃራኒውን ውጤት ቢያሳይ ኖሮ ይህንኑ ፍርድ ትሰጡ ነበርን?» ብላችሁ በየደረጃው ራሳችሁን ጠይቁ አሏቸው። በእነዚህኞቹ ላይ አድልዎው ቀነሰ። በጎ ፈቃድ ያላመጣውን ለውጥ የተወሰነ አሠራር አመጣው።

የመድኃኒት ሙከራ የሚካሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ማን መድኃኒቱን፣ ማን ባዶውን ክኒን እንደወሰደ ሐኪሙም ሕመምተኛውም እንዳያውቁ ይደረጋል። ይህ የሚደረገው ሐኪሙ ሐሰተኛ ነው ተብሎ አይደለም። ውድ በጨለማ ያደረገውን በሥርዓት ማድረግ ነው። በውዝዋዜው ሙከራም ቢሆን ስንት ጊዜ እንደሚለካ አስቀድሞ ወስኖ የተገኘውን ሁሉ፣ 8.9ንም ጭምር፣ መመዝገብ በቂ ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ራሳቸውም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። በ2010 ብሬንዳን ናይሃንና ጄሰን ራይፍለር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ማስተካከያ የተነገራቸው ሰዎች አንዳንድ ጊዜ በስሕተታቸው ይበልጥ እንደሚጸኑ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ሐሳቡ ማራኪ ስለነበር በዓለም ዙሪያ ተወራ፤ እውነት መናገር ከንቱ ነው እስከማለት የደረሱም ነበሩ። ቶማስ ውድና ኢታን ፖርተር ግን ከአሥር ሺሕ በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ላይ ፈትነው ውጤታቸውን በ2019 ሲያሳትሙ ያን ክስተት ከሞላ ጎደል ሊያገኙት አልቻሉም። ናይሃንና ራይፍለር በተቃዋሚዎቻቸው ላይ ከመዝመት ይልቅ ከእነርሱ ጋር አንድ ላይ ሌላ ጥናት ሠሩ። ማስተካከያ የሰዎችን ዕውቀት ያርማል፤ የሚደግፉትን ፖለቲከኛ ግን እምብዛም አያስለውጣቸውም የሚል ውጤትም በአራቱም ስም አሳተሙ። ሰው ማስረጃን ጨርሶ አይቀበልም የሚለው እምነት ራሱ ማስረጃ ተቃርኖት ተስተካክሏል ማለት ነው።

ለብሎንድሎም ተመሳሳይ ዕድል ቀርቦለት ነበር። በ1906 «ርቪዩ ሲያንቲፊክ» የተባለው የፈረንሳይ መጽሔት ክርክሩን የሚዘጋ ቀላል ፈተና አቀረበ። በመጠንም በክብደትም አንድ የሆኑ ሁለት የታሸጉ የእንጨት ሳጥኖች ይዘጋጃሉ። በአንደኛው ጨረር ይሰጣል የተባለው የጠጠረ ብረት፣ በሌላው የማይሰጠው እርሳስ ይገባል። ከውጭ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው። ብሎንድሎ ብረቱ በየትኛው ሳጥን እንዳለ ይናገራል። ብሎንድሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ በሰጠው መልስ ክስተቱ እንዲህ ላለው ፈተና እጅግ ስስ መሆኑን ገልጾ፣ ስለ ኤን ጨረር እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ሙከራ ወይም ከሚያምናቸው ሰዎች ሙከራ ተነሥቶ የየራሱን አስተያየት ይያዝ አለ። ሳጥኖቹ ሳይፈተሹ ቀሩ።